ጥቁር እንግዳ

የጡብ ፋብሪካችን፣ አዘዞ ዳር ያለው፣
ጭስ ካየ ጭስ ማውጫው አርባ ቀን አለፈው።
ባንክ ቤት ስመላለስ ጫማዬ አለቀ፤
«ኤልሲ አልተከፈተም፣ ዶላሩ ራቀ።»
መዝገቤን ገልጬ፣ እርሳሴን ቀርጬ፣
ምን እንደምጽፍበት ጠፍቶኝ ተቀምጬ፣
ከመተማ በኩል ቦቴ ሲመጣ አያለሁ፤
ለእኛ አይቆምም እንጂ፣ ሁልጊዜ እቆጥራለሁ።

አንድ ቀን ባዘዘው፣ ጎማ ሊያስነፋ ቆሞ፣
«የማን ነው?» ብለው ሳቀብኝ ደክሞ፤
«እኔ ምን አውቃለሁ? ከባሕር ተቀድቶ፣
በረሃ ተሻግሮ፣ ድንበር ላይ ተኝቶ፣
ግማሹን መኪናው መንገድ ላይ ጠጥቶ፣
የተረፈው ይኸው፣ መጣ ተንገላቶ።»

አላወቀም እንጂ፣ አይከል ሲደርስ፣
እሳት ላይ ነው መንዳት፣ እሳት ላይ መመለስ፤
ከጎማው ሥር አለ፣ ካፈሩ እጥፋት ሥር፣
ደን ሆኖ የነበረ፣ ድንጋይ ሆኖ የሚኖር።
ግንቡ ሳይታነጽ፣ ኖራው ሳይላቆጥ፣
እዚያው ነበር ተኝቶ፣ ሰው እስኪያገላብጥ።

ዋኘው ነው ያመጣው፣ ባይሱዙ ላይ ጭኖ፣
ስምንት ጆንያ ሙሉ፣ ፊቱ ከሰል ሆኖ፤
ጥርሱ ብቻ ይታያል። «ጥቁር እንግዳ ነው፣
ተነሡለት!» አለን፣ እያወራረደው።

ኢንጂነር ሰጠኝ አንዱን አንሥቶ ሰበረ፤
መዳፉ ላይ እንዳለ ተፈረፈረ።
«እርጥበት አለበት፣ አመዱም ይበዛል፣
ድኝ ድኝ ይሸታል፣ ዓይን ያቃጥላል፤
ከውጭ የሚመጣው፣ እሱ ነበር ደህና፤
ያ ይነዳል፤ ይሄ ይጨሳል ገና።»

«አዎ፣ ይጨሳል» አለ ዋኘው፣ ሳይከፋው፣
የግንባሩን ጥላሸት በእጅጌው እየጠረገው፤
«የእንግዳ ልጅ ሲያነጥስ ‹ይማርህ› ያሰኛል፤
የቤት ልጅ ሲያነጥስ ‹ወዲያ ዙር› ይባላል።
ፀሐይ ላይ አስጡት።
ሦስት ቀን ስጡት።
ካልነደደ ያኔ፣
እኔን ስደቡኝ እንጂ፣ እሱን አትስደቡት።»

አሰጣነው። እንደ በርበሬ፣ ሰሌን ላይ ዘርግተን፣
ደመና ሲመጣ ሸራ እያለበስን፣
ዶሮም «እሽ» እያልን፣ ልማድ ሆኖብን፣
ከሰል የምትበላ ዶሮ ያለች መስሎን።

በአራተኛው ሌሊት ምድጃው ተለኮሰ።
መጀመሪያ ጭሱ፣ ቢጫ ሆኖ፣ ነፈሰ፤
ዘበኛው ጓንጉል አፉን በጋቢ ጠቅልሎ፣
ሲራገም አመሸ፣ «ይህ ምን መዓት!» ብሎ።
ንጋት ላይ ግን እሳቱ ድምፁን ቀየረ፤
ማጉረምረሙን ትቶ መተንፈስ ጀመረ፤
እንደ ትልቅ እንስሳ፣ ጠግቦ እንደተኛ፣
ቀይ ዓይኑን ከፍቶ አንዴ አየን እኛን፣ እንደገና ተኛ።

ጡቡ ወጣ። ቀይ ነው። ጠርዙ ላይ ጠቁሯል።
ኢንጂነሩ ሁለቱን አጋጭቶ አዳምጧል።
«ቃ!» አሉ። እሱ ግን ቃል አልወጣውም፤
አንዱን ኪሱ ሊከት ሞከረ፤ አልገባለትም።

ያን ለታ ባዘዘው፣ ቦቴውን አቁሞ፣
ጭሱን አየ ከሩቅ፣ እኔን አየኝ ደግሞ፤
«እኔስ?» አለ። ብቻ «እኔስ?» ነው ያለኝ።
መልስ አላገኘሁም። እሱም አልጠበቀኝ።

ክፍያ ላደርስ ነው ጭልጋ የሄድኩት፤
ዋኘውን ከጉድጓዱ ሲወጣ አገኘሁት፤
ሳል ይዞት ነበረ፣ ደረቅ፣ የማይለቅ፤
«ለምጄዋለሁ» አለ፣ ዞሮ፣ እንዳልሳቀቅ።
ሚስቱ አንጓች ደግሞ፣ ጅረቱ ዳር ሆና፣
ነጭ አጥባ ግራጫ ታሰጣለች። ቀና
ብላ አየችኝና፣ «ጡቡ በሰለ?» አለች፤
«በስሏል» አልኳት።
«ይሁን» ብላ ልብሱን ጨመቀች።

ማታ መዝገቤን ገልጬ፣ እርሳሴን ቀርጬ፣
እዚያው ወንበር ላይ፣ እንደ ያኔው ተቀምጬ፣
«የውጭ ምንዛሪ» ያለው ላይ ጭረት አኖርኩ፣
«ያገር ውስጥ ከሰል» ብዬ አዲስ ዓምድ ፈጠርኩ፤
ኩንታሉ፣ ጭነቱ፣ ጉልበቱ ተጻፈ፤
ሲደመር ልክ መጣ። ሳንቲም አልተረፈ።

ብቻ ያ ሳል አለ፣ ያ ግራጫ ሸሚዝ፤
የቱ ዓምድ ላይ ይግባ? በምን ሒሳብ ይያዝ?
ኅዳጉ ላይ፣ በትንሹ፣ «ዋኘው» ብዬ ጻፍኩ።
ላጲሱን አነሣሁ።
መልሼ አስቀመጥኩ።